አለን ዊፕል፦ ለታመመ ጉበት ተለዋጭ የደም መንገድ የቀየሱት ቀዶ ሐኪም

ጉበቱ በጠባሳ የተወረሰ ሕፃን በቤተሰቡም በሐኪሙም ዘንድ ከሁሉ የከፋ ድንጋጤ የሚፈጥረው በድንገት ደም ያስታወከ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ምልክት አልጠፋም፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ከግራ ጎድኑ ሥር ያበጠው ጣፊያ በእጅ ይዳሰሳል። ደሙ ሲመጣ ግን ለማሰብ እንኳ ፋታ አይሰጥም።

ምክንያቱን ለመረዳት የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ዕውቀት ብዙም አያንስም። ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። መጀመሪያ ፖርታል በሚባል ወፍራም ደም መላሽ ሥር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበትም ከምግብ የመጣውን ለይቶ፣ መርዛማውን አክሽፎ ያሳልፈዋል። ጉበቱ በጠባሳ ሲደድር፣ ወይም ፖርታሉ ራሱ በረጋ ደም ሲደፈን፣ የሚመጣው ደም እንደተገደበ ወንዝ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ግፊቱም ያይላል። መውጫ ፍለጋ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች ይወጥራል። የተወጠሩት ሥሮች አንድ ቀን ይፈነዳሉ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች ይህን የደም መፍሰስ አዘውትረው ያዩት ነበር፤ ከየት እንደሚመነጭ ግን አልተስማሙም። ግፊቱን በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የለካውን፣ ኋላም ለተገደበው ደም ሌላ መንገድ የከፈተውን የኒው ዮርክ ቡድን የመሩት ዶክተር አለን ኦልድፋዘር ዊፕል ናቸው። ስማቸው ዛሬ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ የሚነሳው በአብዛኛው በቆሽት ቀዶ ሕክምናቸው ነው። የጉበቱ ሥራቸው ከዚያ ያነሰ አልነበረም፤ ከልጆች ሕይወት ጋር ይበልጥ የተሳሰረውም እርሱ ነው።

ከኡርሚያ የጀመረ ሕይወት

ዊፕል የተወለዱት በአውሮፓውያኑ መስከረም 2 ቀን 1881 በሰሜን ምዕራብ ፋርስ፣ በዛሬዋ ኢራን፣ ኡርሚያ ውስጥ ነው። ወላጆቻቸው አሜሪካውያን ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። ኡርሚያ በጨው ሐይቋ ዳርቻ አሦራውያን ክርስቲያኖች፣ አርመኖች፣ ቱርክኛ ተናጋሪዎችና ኩርዶች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። በገበያዋና በአብያተ ክርስቲያኗ ይነገር የነበረው ሱርስት ከግዕዝ ጋር የሴም ቋንቋዎች ዘመድ መሆኑን የዚህ አካባቢ አንባቢ ልብ ሳይል አያልፍም። ሕፃኑ አለን ያደጉት በእነዚህ ቋንቋዎች መካከል ነው። በዚያው ዘመን ዶክተር ጆሴፍ ኮክራን የተባሉ የሚሲዮኑ ሐኪም በከተማዋ ሆስፒታል ከፍተው ያክሙ፣ የአገሬውን ወጣቶችም ሕክምና ያስተምሩ ነበር።

ወጣቱ ዊፕል ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1904 ከፕሪንስተን፣ በ1908 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። በ1921፣ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ማለት ይቻላል፣ የኮሎምቢያ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰርና የፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ወንበር እስከ 1946 ቆዩ።

ሩብ ክፍለ ዘመን በአንድ ወንበር መቀመጥ ብዙ ሰው ያደነዝዛል። በእርሳቸው ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚታወሱባቸው ሥራዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ የመጡ ናቸው።

በ1935 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ የሐሞትና የቆሽት ቧንቧዎች ወደ አንጀት በሚገቡበት ቦታ ለሚበቅል ካንሰር የሠሩትን ቀዶ ሕክምና አሳተሙ። የቆሽትን ራስና አብሮት የተያያዘውን የአንጀት ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነበር። በርሊን ውስጥ ቫልተር ካውሽ ከእርሳቸው ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ሞክሯል፤ ለዚህም ነው አንዳንድ መጻሕፍት ሁለቱን ስሞች አጣምረው የሚጠሩት። ከበግ አንጀት በሚሠራ ክር የተሰፋ ቁስል የቆሽት ፈሳሽ እየፈጨው ይተረተር ስለነበር ዊፕል ሐር ክርን መረጡ። መጀመሪያ ሕክምናው ሁለት ጊዜ በመክፈት ይሠራ ነበር፤ ጉበቱ የታፈነ ሕመምተኛ ደሙ ስለማይረጋ በአንዴ መጨረስ አደጋ ነበረው። ቫይታሚን ኬ በሐኪሞች እጅ ሲገባ ይህ ፍርሃት ቀለለ። በመጋቢት 1940 እንግዶች ቀዶ ሐኪሞች ቆመው እያዩ፣ የጨጓራ ካንሰር ነው ብለው የከፈቱት ሕመም የቆሽት ሆኖ አገኙት። እዚያው ወሰኑና ሥራውን በአንድ ጊዜ ፈጸሙት። ታካሚዋ ከስምንት ዓመት በላይ ኖራለች። የሚገርመው፣ በስማቸው የሚጠራውን ይህን ቀዶ ሕክምና በዕድሜያቸው ሙሉ የሠሩት 37 ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት አንዲት ወጣት ሐኪም በክፍላቸው ትሠለጥን ነበር። ቨርጂኒያ አፕጋር በ1933 ተመርቃ ቀዶ ሐኪም ለመሆን የቆረጠች፣ ችሎታዋም ያልተጠራጠሩባት ሴት ነበረች። ዊፕል መከሯት፤ ቀዶ ሕክምናን ትታ ወደ ማደንዘዣ ሕክምና እንድትዞር። ከእርሳቸው ዘንድ ሠልጥነው የወጡ ሴቶች በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ታካሚ አጥተው ሲቸገሩ አይተው ነበር። በሌላ በኩል፣ ጥሩ የማደንዘዣ ሐኪም ከሌለ ቀዶ ሕክምና እንደማያድግ በሚገባ ያውቃሉ። ምክሩ ሁለቱንም ነበር፦ አርቆ አሳቢነትም፣ በሴት ላይ የተዘጋን በር ሳይገፉ መቀበልም። አንዱን ብቻ አንስቶ ማመስገን ወይም መውቀስ ለታሪኩ ታማኝ አይሆንም።

አፕጋር ምክሩን ተቀበለች። በ1938 የሆስፒታሉ የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆነች፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም አዲስ የተወለደ ሕፃን በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ የሚመዘንበትን፣ የልብ ምቱን፣ አተነፋፈሱን፣ የጡንቻውን ጥንካሬ፣ ምላሹንና የቆዳውን ቀለም የሚያየውን ነጥብ አስተዋወቀች። በአዲስ አበባም በናይሮቢም በማዋለጃ ክፍል ካርድ ላይ ዛሬ የሚሞላው ‹አፕጋር› የእርሷ ስም ነው።

የጣፊያው ክሊኒክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፍሎረንስ ውስጥ ጊዶ ባንቲ የተባለው ሐኪም አንድ በሽታ ገልጾ ነበር። ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ያንሳል፣ ከዓመታት በኋላ ጉበት ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ሕመምተኛው ደም ያስታውካል። ባንቲ ጥፋተኛ ያደረገው ጣፊያን ነው፤ ከጣፊያ የሚመነጭ መርዝ ጉበትን ያበላሻል ብሎ ያምን ነበር። መድኃኒቱም ጣፊያን ቆርጦ ማውጣት ሆነ። ብዙዎች ተቆርጦላቸዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎች ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ደማቸው ፈስሷል።

ዊፕል ይህን ለመመርመር በ1920ዎቹ መጨረሻ በሆስፒታላቸው የጣፊያ ክሊኒክ የሚባል አቋቋሙ። አዲስነቱ በሕንፃ ወይም በመሣሪያ አልነበረም። የውስጥ ደዌ ሐኪሞች፣ ፓቶሎጂስቶችና ቀዶ ሐኪሞች አንድን ሕመምተኛ አብረው እንዲያዩ፣ ከዚያም ለዓመታት በአንድ መዝገብ እንዲከታተሉት ተደረገ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ታካሚ እንደ ርስት ይጠብቅ ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ከቡድኑ አባላት መካከል ሉዊስ ሩስሎና ባልደረቦቹ፣ ሆድ በተከፈተበት ጊዜ በጣፊያው ደም መላሽ ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት መለካት ጀመሩ። ከጤነኛው እጅግ ከፍ ብሎ አገኙት። ምስሉ ተገለበጠ። ጣፊያው ያበጠው ደሙ መሄጃ አጥቶ ስለተኛበት ነው። በአንዳንዶቹ መዝጊያው የሚገኘው በጠባሳ በተሞላ ጉበት ውስጥ ነው። በሌሎቹ፣ በተለይም በልጆችና በወጣቶች፣ ጉበቱ ደህና ሆኖ ፖርታሉ ጉበት ሳይደርስ ተደፍኗል። የባንቲ በሽታ ተብሎ የተጠራው ነገር ራሱን የቻለ ደዌ ሳይሆን የግፊት ውጤት ነበር።

ጣፊያን ማውጣት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ከዚህ ግልጽ ሆነ። ከወንዙ ገባሮች አንዱን ማድረቅ ግድቡን አያፈርሰውም። ስለዚህ ደሙ በሌላ መንገድ ወደ ልብ መድረስ ነበረበት።

ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው። ኒኮላይ ኤክ የተባለ ሩሲያዊ ወታደራዊ ሐኪም በ1877 በሴንት ፒተርስበርግ ፖርታሉን ጉበት እንዳይገባ ዘግቶ፣ ወደ ልብ ከሚያመራው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ጋር በውሾች ላይ አገናኝቶ ነበር። ከውሾቹ አንዱ ብቻ ከሁለት ወር በላይ ኖሮ፣ እርሱም ከቤተ ሙከራው አምልጦ ጠፋ። በ1893 ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ኋላ በምላሽ ጥናቱ ዓለም ያወቀው ሳይንቲስት፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ሠርቶ ውሾቹን ለረጅም ጊዜ አቆያቸው። ያየው ነገር እስከ ዛሬ የሻንትን ታሪክ እንደ ጥላ ይከተለዋል። ሥጋ የበሉት ውሾች ይናወጣሉ፣ ይደናበራሉ፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ጉበት ያከሽፈው የነበረው አሞኒያና መሰሉ መርዝ ጉበቱን ዘልሎ በቀጥታ ወደ አንጎል ይደርስ ነበር።

በሰው ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተደረጉት ጥቂት ሙከራዎች ብዙም አልሰመሩም። ሁለት ቀጫጭን የደም ሥሮችን አገናኝቶ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ ማድረግ ከባድ ነበር። መፍትሔው ከጦርነት መጣ። የዊፕል ባልደረባ አርተር ብሌክሞር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የቁስለኞችን የተበጠሰ ደም ወሳጅ ሥር ያለ ስፌት ለማገናኘት ቫይታሊየም ከሚባል ቅይጥ ብረት የተሠራ ትንሽ ቱቦ፣ ውስጡን በደም ሥር ሽፋን ለብጦ፣ ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶ ነበር። ያንኑ ቱቦ ወደ ሆድ አመጡት። በ1945 ዊፕል በፖርታል ግፊት ላይ፣ ብሌክሞርና ጄሬ ሎርድ ደግሞ በአሠራሩ ላይ የጻፏቸው ጽሑፎች ታተሙ። ጉበቱ በታመመው ሰው ፖርታሉ ከትልቁ ደም መላሽ ሥር ጋር ይገናኛል። ፖርታሉ በተደፈነበት፣ ጣፊያው ወጥቶ የጣፊያው ደም መላሽ ሥር ከግራ ኩላሊት ሥር ጋር ይጋጠማል። ቱቦው ብዙም ሳይቆይ በቀጥታ ስፌት ተተካ፤ መንገዱ ግን ተከፍቶ ቀረ።

በዓለም ዙሪያ ያሉ ቀዶ ሐኪሞች ወደ ሻንት ጎረፉ። ለዓመታት ደም ሲያስታውኩ የኖሩ ሰዎች ደማቸው ቆመ።

ሕፃናቱ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ። የትንሽ ልጅ ደም ሥር ከእርሳስ ሊቀጥን ይችላል፤ የተገናኘው ቦታ በቀናት ውስጥ በረጋ ደም ይዘጋል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ልጁ እስኪያድግ መጠበቅን ይመርጥ ነበር፤ ልጁ በመካከሉ እንዳይሞት እየጸለየ። ቀድሞ ጣፊያው የወጣለት ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጎድቷል። ለሻንት የሚያስፈልገው የጣፊያ ሥር የለም። ከ1952 ጀምሮ እንደታወቀው ደግሞ፣ ጣፊያ የሌለው ሕፃን ለብርቱ የደም ኢንፌክሽን ይጋለጣል። ለጊዜው ደም የሚገታው፣ በአፍንጫ ገብቶ በምግብ ቧንቧና በጨጓራ ውስጥ የሚነፋው ባለ ፊኛ ቱቦም በ1950 ከዚያው ከብሌክሞር እጅ ወጣ። ሻንት የተሠራላቸው ጉበተ ሕሙማን አንዳንዶቹ እንደ ፓቭሎቭ ውሾች አእምሯቸው ይደናበር ጀመር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአዋቂዎች ላይ የተደረጉ የንጽጽር ጥናቶች፣ ገና ደም ሳይፈሳቸው ለጥንቃቄ ሻንት የተሠራላቸው ሕሙማን ዕድሜ እንዳልረዘመ አሳዩ። ደሙ ይቆማል፤ የታመመው ጉበት ግን ከነሕመሙ፣ ያውም ደም ጎድሎበት ይቀራል።

1963

ዊፕል በ1946 ከኮሎምቢያ ጡረታ ወጥተው በኒው ዮርክ ሜሞሪያል የካንሰር ሆስፒታል ለጥቂት ዓመታት በኃላፊነት ሠሩ። በቤይሩት ከነበረው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋርም ግንኙነት ነበራቸው። በእርጅናቸው ዘመን ልባቸው ወደ ተወለዱበት ምድር አዘነበለ፤ የንስጥሮሳውያን ሐኪሞች የግሪኩን ሕክምና ወደ ሱርስት፣ ከዚያም ወደ ዐረብኛ እንዴት እንዳሻገሩት ማጥናት ጀመሩ። በዚህ ላይ የጻፉት መጽሐፍ ለኅትመት የበቃው በ1967፣ ከሞቱ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1963 በ81 ዓመታቸው ፕሪንስተን ውስጥ አረፉ።

በዚያው ዓመት ሁለት ነገሮች ሆነዋል። መጋቢት 1 ቀን፣ ዊፕል ከማረፋቸው ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ቶማስ ስታርዝል በዴንቨር የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ሞከሩ። ታካሚው የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ደሙ አልቆም ብሎ ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው አልተነሣም። በስዊድን ማልሞ ደግሞ ካርል በርቲል ላውሬልና ስተን ኤሪክሰን፣ በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ አልፋ አንድ አንቲትሪፕሲን የተባለው ፕሮቲን ጎድሎ እንደሚገኝ አሳተሙ።

ይህ ፕሮቲን በጉበት ተሠርቶ ሳንባን ከራሱ የሰውነት ኢንዛይሞች የሚከላከል ነው። ከእናትም ከአባትም ጉድለቱን የወረሰ ልጅ ፕሮቲኑን ይሠራል፤ ነገር ግን ቅርጹ ተጣሞ እርስ በርሱ ይተበተብና ከጉበት ሕዋስ መውጣት ያቅተዋል። ሳንባ ጠባቂውን ያጣል፤ ጉበት ደግሞ ሊያወርደው በማይችለው ሸክም ይጎዳል። ከልጆች የጉበት በሽታ ጋር ያለውን ዝምድና በ1969 ሃርቪ ሻርፕ በሚኒያፖሊስ አሳየ። በ1970ዎቹ በስዊድን 200 ሺሕ አራስ ሕፃናት ተመርምረው፣ ጉድለቱ በጽኑ ካለባቸው መካከል ከአሥሩ አንዱ ገደማ በሕፃንነቱ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እንደሚቆይ ታወቀ። አብዛኞቹ ልጆች ጉበታቸው ሳይጎዳ ያድጋሉ። ጥቂቶቹ ግን ወደ ሲሮሲስ ይሄዳሉ፤ ለእነርሱ ነው የዊፕል ቡድን መንገድ እንደገና የተፈለገው።

ስታርዝል ከመጀመሪያው ውድቀታቸው በኋላ ንቅለ ተከላውን አልተዉትም። ሻንትንም ከውርስ በሽታዎች ጋር አገናኝተው ይሞክሩት ነበር፤ ስኳር በጉበት በሚከማችባቸው ልጆች፣ ኮሌስትሮላቸው ከልክ ባለፈባቸው፣ የአልፋ አንድ ጉድለትና ሲሮሲስ ባለባቸውም ላይ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ልጆች ላይ የደረሰውን በ1990 አሳተሙ፤ ሻንቱ ከተሠራ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ። ሦስት ልጆች ብዙ አይደሉም፤ ከእነርሱም ሕግ ማውጣት አይቻልም። ለጉበት ንቅለ ተከላ ገና መድኃኒቱ ባልተሟላበት ዘመን ግን በሻንት የሚገኝ አሥር ዓመት ልጁን ወደ ሌላ የሕክምና ዘመን የሚያሻግር ነበር። በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን የሚባለው መድኃኒት ንቅለ ተከላን አስተማማኝ አደረገው። አዲስ ጉበት የተተከለለት ልጅ ደግሞ ከሲሮሲሱ ብቻ ሳይሆን ከጉድለቱም ይላቀቃል፤ አዲሱ ጉበት የሚሠራው የለጋሹን ደህና ፕሮቲን ነውና።

በዚህ ሁሉ ሻንት ቦታው ጠበበ። ዛሬ ያበጡትን ሥሮች በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ በላስቲክ ቀለበት ማሰር ይቀድማል። ሻንት የቀረው ይህ ላልበቃቸውና ጉበታቸው ገና ብርቱ ለሆነ ልጆች ነው። በ1990ዎቹ በብራስልስ የተጀመረው አሠራር ደግሞ ሐሳቡን ራሱን ገለበጠው። ፖርታሉ የተደፈነበት ልጅ ከራሱ አንገት በተወሰደ ደም ሥር መዝጊያው ታልፎ፣ ደሙ ወደ ጉበቱ ውስጥ ይመለሳል። ከኤክ ውሾች ጀምሮ ሻንት ሲከፈልበት የኖረው የአእምሮ መደናበር ዋጋ በዚህ ይቀራል።

የአልፋ አንድ ጉድለት በብዛት የሚታየው ሥረ መሠረታቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ሕዝቦች ዘንድ ነው፤ በአፍሪካ ቀንድ ብርቅ ነው። የፖርታል ግፊት ግን እዚህ እንግዳ አይደለም። በናይል ዳርቻ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ በጣናና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አጠገብ የሚያድጉ ልጆች በቢልሃርዚያ ይያዛሉ። የትሏ እንቁላል በፖርታሉ ቅርንጫፎች ተቀርቅሮ ጠባሳ ያበጃል፤ የጉበቱ ሕዋስ ደህና ሆኖ ሳለ ደሙ ይገደባል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ የምግብ ቧንቧው ሥሮች ይወጠራሉ። ባንቲ ቢያየው የራሱን በሽታ አገኘሁ ይል ነበር። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ውስጥ እንዶድ የታጠበበት ወንዝ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምር የጀመሩት ይኸንኑ በሽታ ከምንጩ ለማድረቅ ነበር። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በትምህርት ቤቶች ይታደላል። ቀድሞ ጠባሳ ያበጀ ጉበት ይዞ፣ ደም አስታውኮ ሆስፒታል የሚደርስ ልጅ ግን አሁንም አለ። ንቅለ ተከላ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ የኒው ዮርኩ የጣፊያ ክሊኒክ በ1930ዎቹ የጠየቀውን ነው፦ ደሙ የተገደበው ከጉበቱ በፊት ነው፣ ወይስ ጉበቱ ውስጥ?